የእህቴ ለቅሶ

ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቼ፣ ከአንድ በሽተኛ ድድ የወሰድነው ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን ክዳን ገለጥ ሳደርገው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። አየር የማይወዱት የአፍ ባክቴሪያዎች እንዲህ ነው የሚከረፉት። ተማሪዎቼ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ሽታውን የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ነው፤ ባደግሁባት መንደር በቁሐር ሚካኤል፣ ከእህቴ አፍ።

ታላቄ ነበረች። ሳቋ ከማሳ ማሳ ይሰማል። ክረምት ነው፤ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበት፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ገብተን ሩዝ ስናርም የታች መንጋጋ ጥርሷን አመማት። ጉንጯ አበጠ፤ ከዚያ አገጯ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ስታወራኝ ሽታው ይወጣል፤ እያፈረች አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አባታችን፣ «ጥርስ ሰው አይገድልም፤ አረሙን እንጨርስና እናያለን» አለ። አረሙን ጨረስን።

ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት በቃሬዛ ወረታ ከተማ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ያያት ባለሙያ፣ «ለጥርስ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» ብሎ ማስታገሻ ኪኒን ሰጥቶ መለሰን። በምን ጉሮሮዋ ትዋጠው? ውሃው እንኳ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ እብጠቱ ትንፋሿን ዘጋው።

ለቅሶው ላይ «ጥርሷ ነው» ያለ ሰው አልነበረም። «ቡዳ በልቷት ነው» አሉ። ጣታቸውን የቀሰሩት ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። እህቴ ከእሳቸው ቤት አትጠፋም ነበር፤ ጭቃ እያሸችላቸው ስትሥቅ ትውላለች። ወደ ቀብሩ ሲመጡ በድንጋይ መለሷቸው። ከፊት የነበረው አባቴ ነው፤ ልጁን ለአረም ያቆየው አባቴ! ማሰሮዎቻቸውን ሰባብረው ከመንደሩ አስወጧቸው። ገሉ ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር።

እኔ የተማርኩት በንዴት ነው። አማካሪዬ፣ «የሰው ምራቅ ማጥናት ምን ይረባል? ወባ ያዢ» ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ከበሰበሰ ጥርስ ሥር ተነሥተው፣ አገጭ ሥር ወርደው ጉሮሮ የሚዘጉትን ባክቴሪያዎች ስለይ ኖርኩ። ለአባቴም ሄጄ ነገርኩት። «ያለፈ ነው፤ ተዪው» አለኝ። እሱ ትቶታል። እኔ እስከ ዛሬ ጥርሴን እንደነከስኩበት ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሸክላ ሠሪዋ ወረታ ገበያ አጠገብ ከዘመዳቸው ጋር እንደሚኖሩ ሰማሁና ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማን መሆኔን ነገርኳቸው።

«እህቴን የገደላት የጥርሷ መግል ነው፤ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «ይህንኑ ነው የተማርኩት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«እኔማ እንዳልበላኋት አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «በጣም አሟት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አዎ፣ በጣም» አልኳቸው።

እጄን ሳብ አድርገው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ለቅሶዋን ሳልደርስ ቀረሁ» አሉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እኔም የእኔን አዘቀዘቅሁ። ባጃጁ ጡሩምባውን እያንባረቀ፣ ገበያተኛው እያየን እያለፈ፣ ሁለታችን ለቅሶ ተቀመጥን።