የናዒማ ፍየል

ረምዚ ዕድሜውን የጨረሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ ማዳበሪያ ሲሸከም ነው። ጡረታ ወጥቶ ሃያብለ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ የድሬዳዋው ሰው ገበሬ ልሁን አለ! በተቆረጡ በርሜሎች ቃሪያ ተከለ። ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ነሰነሰ፤ አባቱ ጓሯቸው ውስጥ ያደርጉት እንደነበረው የምድጃ አመድ ደረበበት፤ ውሃ አርከፈከፈና ጨረሰ።

ብዙም ሳይቆይ ቀትር ላይ የሽንት ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው። የቃሪያው ቅጠልም ተቃጥሏል። ሌላ ማን ይሆናል? የጎረቤቱ የናዒማ ፍየል ናት እንጂ!

የጭነት መኪና ሹፌሩ ሚናስ ሊጠይቀው መጥቶ በርሜሎቹን ሲያይ ሳቀ። «ጋሽ ረምዚ፣ ዩሪያ እንዲህ ላይ ላዩን ተበትኖ፣ ያውም ከአመድ ጋር፣ በዚህ ሙቀት ሽንት የሚሸት አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የሚሸትዎት ማዳበሪያው ራሱ ነው። አፈር ያልብሱት እንጂ!»

«ለቀባሪ አረዱት!» ረምዚ ቱግ አለ። «ዩሪያን ለእኔ? ጀርባዬ የተላጠው በሱ አይደል?»

ናዒማ ባሏ የሞተባት የሐረር ሴት ናት። ሀያ የምትባለው ትንሽ የልጅ ልጇ የምትጠጣው የዚያችኑ ፍየል ወተት ነው። ረምዚ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም በሯ ላይ ቆሞ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ። «ወይ ፍየልሽን አስወግጂ፣ ወይ ጉርብትናችን እዚህ ላይ አበቃ!»

«ወላሂ በርሜልህ ጋ አልደረሰችም» አለች ናዒማ። አላመናትም።

ሐሙስ ፍየሏ ደጅ አልታየችም። ረምዚ ደስ ብሎት የሸተተውን አፈር ደፋ፣ አዲስ ሞላ፣ የተረፈውን ችግኝ ተከለ፤ እንደ ልማዱም ዩሪያና አመድ ነስንሶ አጠጣ። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ያው ሽታ ከሩቅ ተቀበለው። ጎንበስ ቢል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ያ ረቢ!» አለ ክው ብሎ። ፍየል የለ፣ ኮቴ የለ። አፈሩ ራሱ ነው የሚሸተው። የሚናስ ሳቅ ጆሮው ውስጥ አቃጨለበት።

ይቅር በይኝ፣ ፍየሏን መልሺያት ሊላት ሲዞር ናዒማ በሩ ላይ ቆማለች። የተከደነ ሳህን ይዛለች።

«ዛሬ ጠዋት አሳረድኳት» አለች። «ብሸጣት ደግሞ ሌላ ጎረቤት ታጣላለች ብዬ ነው። ይሄ ያንተ ነው፣ የጎረቤት ሐቅ አይቀርም፣ እንካ።»

ረምዚ ሳህኑን ሲቀበል ገና ይሞቃል። እሷ ወደ በርሜሎቹ አየችና በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች።

«እንዴ» አለች ናዒማ፣ «ይሄስ የማን ፍየል ነው?»