በግራቸው የባረኩት ቄስ

ዛሬም ለልብ ወለድ ሥዕል የቀረጽሁት ጣውላ ላይ ቀለም ስቀባ፣ ኮምጣጣው የጥላሸትና ያረረ ስንዴ ሽታ ይመጣብኛል። የአሁኑ ቀለም እንዲያ አይሸትም፤ ሽታው ከልጅነቴ አገር ከጋይንት፣ አባቴ ከጥላሸትና ካረረ ስንዴ ይበጠብጡት ከነበረው ቀለም ነው የሚመጣው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ብራና ሲጽፉና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ኖረው ዓይናቸው የደከመ። አንድ ክረምት የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ንፋስ መውጫ የሚያስተምረው አጎቴ፣ የጻፈውን ልብ ወለድ ይዞ መጣና በመጽሐፉ መሐል የሚገባ ሥዕል ለመናቸው፤ ሽማግሌ ቄስ ሙሽራይቱን ሲባርኩ። ለየመጽሐፉ በእጅ መሣል ስለማይቻል፣ እንጨት ቀርጸው ሊያትሙት ተስማሙ። ዝናቡ እስኪያባራ አባቴ በር ሥር ተቀምጠው፣ የዋንዛ ጣውላውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በካራ ጫፍ ሲፈለፍሉ ይውሉ ነበር፤ እኔም ፍቅፋቂውን እየጠረግሁ እሳት ላይ እጨምር ነበር።

መስከረም ጠብቶ አጎቴ ወረቀቱን ሲያመጣ፣ ጣውላውን ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት አልብሰው፣ በመዳፋቸው አሽተው ገለጡት። ጣውላው ላይ በቀኝ እጅ የተያዘው መስቀል ወረቀቱ ላይ በግራ ሆኗል። ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት ሥዕል ተገልብጦባቸው አያውቅምና፣ እንጨት እንደሚገለብጥ አላሰቡም። አጎቴ አንባቢ ልብ አይለውም ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ።

«ቄስ በግራው ባርኮ የምን ጋብቻ ነው?» አሉት። «የኔስ ስም ይቅር፤ ሙሽራይቱ ምን በደለች?»

ሌላ እንዳይቀርጹ ዓይናቸው እንቢ ብሏል፤ አጎቴም የታተሙትን ሥዕሎች በሳምንቱ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሊያደርስ ነው። ይኼኔ እናቴ ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተችና የክት ቀሚሷን ቀይ ጥለት በምላጭ ተረተረችው።

«ግራቸውን ካባ ይሸፍነው፤ ቀኛቸውን እርስዎ በብዕር ያውጡት» አለቻቸው።

ሳምንቱን ሙሉ እሷ ጥለቱን በካባ ልክ ስትቆርጥ፣ እኔ በየወረቀቱ ላይ በዱቄት ሙጫ ስለጥፍ፣ አባቴ ዓይናቸው እያነባ ቀኝ እጅ ሲሥሉ ሰነበትን። በመጨረሻ ከቀሚሱ አንድ ጣት ጥለት አልቀረም።

ፋሲካ ሲደርስ እናቴ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቤት ቀረች። አመንኋት። ልጅ ነኝ፤ ጉልበት እንደሚያም እንጂ ቀሚስ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

አሁን እኔ ከመቅረጼ በፊት ሥዕሉን በመስታወት አያለሁ፤ ቢበላሽም ሌላ ጣውላ አለ። ሥራው ቀሏል፣ እኔ ግን ደክሞኛል፤ ለማን ብዬ ነው የምልበት ቀን በዝቷል። እንዲህ ሲለኝ የአጎቴን መጽሐፍ አወጣለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጥለቱ ግን ዛሬም ቀይ ነው። ጣቴን እዚያ ላይ አኖርና «እማ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ?» እላታለሁ።