አዲሱ ዊንዶውስ እስኪወጣ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አካባቢ የሚኖሩት ጋሼ ወንድወሰን ቤት አዲስ ኮምፒውተር ሴታፕ ላደርግላቸው ሄጄ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ሰሞን ነው። እኔ የምሠራው ሚራክል ማይል ሰፈር ያለ የኮምፒውተር መሸጫ ውስጥ ነው። ሶ አበሻ የሆነ ሁሉ ዕቃ ሲፈልግ ወደኔ ይመጣል። ጋሼ ወንድወሰንም ከባለቤታቸው ከእትዬ ጽጌ ጋር መጡ። እሳቸው ካልቨር ሲቲ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት። ስልካቸው የድሮዋ ታጣፊ ናት፤ የፈለጉት ካሜራ ያለው ላፕቶፕ ነው።

«እናቷ አዲስ አበባ ናቸው። ስንት ዘመን በድምፅ ብቻ... ፊት ለፊት ይተያዩልኝ» አሉኝ።

እትዬ ጽጌ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አውርደው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ላፕቶፕ ከፍቼ ማሳየት ስጀምር፣

«በጁላይ አዲስ ዊንዶውስ ይወጣል ሲሉ ሰማሁ። እሱ እስኪወጣ ለምን አንጠብቅም?» አሉ።

«አያስቡ እትዬ፣ አሁን ቢገዙም አዲሱ ሲወጣ በነፃ አፕዴት ይደረጋል» አልኳቸው።

ጋሼ ደስ አላቸው። «በቃ እንውሰደው» ብለው፣ የፓርኪንግ ሜትሩ እንዳያልቅባቸው ወደ መኪናው ወጣ አሉ።

ይሄኔ እትዬ ጽጌ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል።

«ልጄ፣ ካንሰር ነው። እናቴ አታውቅም» አሉኝ። ሻሻቸውን ትንሽ ገፋ አደረጉት... በመድኃኒቱ ጸጉራቸው አልቋል። «ድምፄ ደህና ነው፤ በስልክ አያስታውቅብኝም። ፊቴን ካየች ግን ከኔ በፊት የምትሞተው እሷ ናት። እሱ ሳንተያይ እንዳንቀር ነው የሚፈራው። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ አንቺ አዲሱ እስኪወጣ ይቆይ ብለሽ ንገሪው።»

ምን እላለሁ? እናትየው የእሳቸው ናቸው፤ ፊታቸውም የራሳቸው ነው።

ጋሼ ሲመለሱ፣ «ሳስበው ግን... አዲስ ሲስተም ሲመጣ አዳዲስ ዕቃም አብሮ ይመጣል። ቢጠብቁ ይሻላል» አልኳቸው። መጀመሪያ ባለቤታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ኦኬ። አንቺ ካልሽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጡ ብቅ ይሉ ነበር። «ወጣ?» ይሉኛል። «ገና ነው ጋሼ» እላለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ «ቶሎ ቢወጣ ጥሩ ነበር» ብለው ብቻ ሄዱ።

አዲሱ በወጣ ሳምንት እትዬ ጽጌ አረፉ። እዚሁ ኤልኤ ተቀበሩ።

ጋሼ ጥቁር ለብሰው፣ ጢማቸው አድጎ ስቶሩ መጡ። አልቅሼ አቀፍኳቸው። እሳቸው ግን ዕቃው የተደረደረበትን እያዩ፣ «አሁን ወጥቷል አይደል?» አሉኝ።

የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና ስላላለቀ አገር ቤት ሄደው ለቅሶ መቀመጥ አይችሉም። ለእትዬ ጽጌ እናት ደግሞ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መርዶ ሊነገራቸው ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይዘዋል። «ቢያንስ በካሜራ አብሬያቸው ላልቅስ» አሉ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ነው እንግዲህ ቤታቸው የሄድኩት። በኛ ጠዋት ሲሆን አዲስ አበባ መሽቷል። መርዶው ተነግሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለቀስ ውሏል ብለን ነው የምናስበው። ለካ የእትዬ ጽጌ ታላቅ ወንድም ከሐዋሳ አልደረሰም ተብሎ ለእሁድ ተላልፏል። ለጋሼ የነገራቸው ሰው የለም።

ደወልን። የእትዬ ጽጌ የእህት ልጅ አነሳች። እኛን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። የራሷን ላፕቶፕ ልታዞረው ስትል አያቷ አጠገቧ ነበሩ።

«ወንድወሰን ነው? እስቲ ልየው» ብለው ቀረቡ። ፈገግ ብለው ነበር... ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጢምህ ምነው?»

ጋሼ እጃቸውን ወደ ጢማቸው ሰደዱ።

«ጥቁሩስ ምንድነው ልጄ?»

እጄ ማውሱ ላይ ነው። መዝጋት እችል ነበር። ግን ከተዘጋ በኋላስ?

«ጽጌስ?» አሉ።

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

እናትየው አልጮሁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱና አዘቀዘቁት። ልጅቷ ናት ጩኸቷን የለቀቀችው። ጎረቤት እየሮጠ ሲገባ ስክሪኑ በሰው ጀርባ ተሞላ፤ የሚታየን ነጭ ነጠላ ብቻ ሆነ። ልዘጋው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተይው። ለቅሶዬ እኮ ነው» አሉ።

ብዙ ቆይቶ ሰዉ ገለል ሲል እናትየው እንደገና ታዩ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«ታማ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳታሳየኝ ቀረህ?»

ጋሼ ወንድወሰን ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አዲሱ እስኪወጣ እየጠበቅን ነበር» አሉ።

እኔ ከካሜራው ውጪ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ... እትዬ ጽጌ ለምን እንዳስጠበቁን የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለጋሼ ልንገራቸው ወይስ ይዤው ልቅር፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።