ማኖ የላትም የተባለችው ቶማሳ

የወንድሜ ሚስት ቶማሳ ከተራራው መንደር ተድራ ስትመጣ ከእኛ ስፓኒሽ የምታውቀው «እሺ» እና «ስንት ነው» ብቻ ነበር። «ማኖ» የሚለውን ቃል የተማረችው ኳስ ሜዳ ነው። ልጇ ሲጫወት ኳሷ እጁን ነካችው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ማኖ! ማኖ!» ብሎ አበደ። ቤት ስንገባ እጇን እያሳየችኝ «ይሄ ማኖ ነው አይደል? ታዲያ ምን ያስጮሃል?» አለች። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ሌላውን ትርጉም ያስተማረቻት ግን ዶኛ ሊዮካድያ ናት፤ ያኔ የሳቀ የለም።

ሊዮካድያ አበልጄ ናት፣ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳች። ምላሷን ግን እግዜር ይይላት! ለካንዴላሪያ በዓል ሰፈሩ ሁሉ የሚበላው ታማል፣ በቅጠል የተጠቀለለው የበቆሎ ሊጥ፣ የሚበስልበት ትልቁ ድስት ዕድሜ ልኳን የእሷ ነበር። ዘንድሮ ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣመሙና የበቆሎውን ሊጥ መምታት አቃታት፤ የበዓሉ አዘጋጅ ድስቱን ለቶማሳ ሰጠ። ቶማሳ እስከዛሬ ሥራዋ የታማሉን መጠቅለያ ቅጠል ማጠብ ነበር። ታማሉ ጥሬ ከወጣባት ወደ ቅጠሏ ትመለሳለች፤ ዳግመኛ ድስት የሚሰጣት የለም።

«እሷ ደግሞ! ማኖ የላትም» አለች ሊዮካድያ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ።

ቶማሳ ሁለት እጆቿን አገላብጣ አየች። «ሁለቱም አሉኝ እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እጅሽ አይጣፍጥም ማለቷ ነው» አልኳት። ደብቄ ምን አተርፋለሁ?

«ቀምሳ ታውቃለች?»

«የት ቀምሳ!»

«እንግዲያው ትቀምሳለች» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

መቼስ ሊጥ እንደዚያ ሲመታ አይቼ አላውቅም። ስቡን ከሊጡ ጋር ደበደበችው፣ ከሊጡ ቆንጥራ የጣለችው ውሃ ላይ እስኪንሳፈፍ አለቀቀችውም። ጠቅልላ ድስቱን ሞላች፣ እሳቱን አነደደች። ሊዮካድያ ጥግ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን ጥርቅም!

ሰዓቱ ደረሰ፣ ከፍተን ብናይ ጥሬ። እንጨት ጨመርን፤ አሁንም ጥሬ። ሰው ከቅዳሴ ሊወጣ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይሄ የታወቀ ነው፦ ማድ ቤት ውስጥ የተቆጣ ሰው ካለ ታማል አይበስልም። የተቆጣው ሰው ድስቱን እየዞረ ካልጨፈረ በስተቀር ቀኑን ሙሉ ቢጣድ ወይ ፍንክች!

«ቶማሳ፣ ተናደሽ ነው፤ ነይ ጨፍሪ» አልኳት።

«እኔ ንዴት የለም» አለች በተሰባበረ ስፓኒሿ። «እኔ ዛሬ ደስታ። ንዴት እሷ ጋ ነው።» ጣቷን ወደ ጥጉ ቀሰረች።

ወይ ጉድ! ሊዮካድያን እንዲህ የሚናገር በሰፈራችን ገና አልተወለደም። እኔ በበኩሌ እጇ የሚደርስበትን ጭልፋ ደበቅኩ።

ቶማሳ ሄዳ እጇን ዘረጋችላት። «ነይ ዶኛ። ለድስትሽ።»

«አሁን የእኔ ነው እንዴ?» አለች ሊዮካድያ። «ስንት ዘመን የጣድኩት ድስት! ዛሬ አንዲት ቅጠል መጠቅለል እንኳ ይቃተኝ?» እንባዋ ወረደ። አንጀቴን በላችው፤ እኔም አብሬ ተነፋረቅኩ።

ቶማሳ አላለቀሰችም። የተጣመሙትን ጣቶች ቀስ ብላ ይዛ አስነሳቻትና ድስቱን ታዞራት ጀመር። እኔ ክዳን አንስቼ መታሁ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ። መጀመሪያ እግሯን ስትጎትት የነበረችው ሊዮካድያ ትንሽ ቆይታ ዳሌዋን ወዝወዝ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ክዳን እንዲህ ነው የሚመታው? ጆሮ የለሽም አበልጄ?» አለችኝ። ስድቧ ሲመለስ ንዴቷ መውጣቱ ገባኝ።

ድስቱን ስንከፍት ታማሉ በስሎ ከቅጠሉ ልቅቅ እያለ ወጣ። እልል አልን! ሊዮካድያ አንዱን ቀመሰች፤ አላመጠች፣ አላመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ግን ደገመች። በልታ ስትጨርስ ሽርጧን አወለቀች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ድስቱ ፊት የምትታጠቀውን ሰማያዊ ሽርጥ። በቶማሳ ወገብ ዙሪያ አደረገችውና ከኋላ ልትቋጥረው ሞከረች። ጣቶቿ እምቢ አሏት። ደግማ ሞከረች። ላግዛት ስነሳ ቶማሳ በዓይኗ ከለከለችኝ። ደወሉ ተደወለ፣ የራበው ሰው በሩን ሞልቶ ይንጫጫል። ቶማሳ ግን ጀርባዋን ለሊዮካድያ እንደሰጠች፣ ቋጠሮው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።