የአለቃዬ የጃፓን ዶማ ቤት

ጋምቤላ ስመደብ ሚስቴን ጎሬ፣ እናቷ ዘንድ ትቻት ነበር። "ለስድስት ወር ነው" ተብዬ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ለሳምንት ፈቃድ ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ማርገዟን ጻፈችልኝ። የዝውውር ደብዳቤዬ ግን ተጽፎ፣ አንድ ፊርማ ብቻ አጥቶ በአለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አለቃዬ መፈረም አይወዱም። የሚወዱት እጅ ሲነሷቸው ማየት ነው፤ ያውም ወገብ እስኪንቋቋ።

አንድ ቀን ከጨርቅ ነጋዴው ያገኙትን የጃፓን የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ሥዕሉ አትክልት መሃል የቆመች አንዲት የሣር ክዳን ቤት ናት።

"ይህችን ጓሮዬ ውስጥ ትሠራልኛለህ። ዶማና አካፋ አስቀምጥባታለሁ። እንግዳ ሲመጣም የሠለጠነ ሰው ጓሮ ያያል።"

"ደብዳቤዬስ ጌታዬ?"

"ስትጨርስ!"

የመሥሪያ ቤቱ ንድፍ አንሺ እኔ ነኝ፤ ጃፓንን ግን የማውቃት በሸሚዜ ጨርቅ ብቻ ነበር። ሥዕሉ የቤቷን ፊት ብቻ ስለሚያሳይ ጀርባዋን ከራሴ ፈጠርኩ። ምሰሶዎቹ መሬት ሳይነኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መቆማቸውን ሳይ፣ ጃፓኖችም ምስጥ አለባቸው ማለት ነው ብዬ ወደድኳቸው። ያስቸገረኝ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ውሻ እንኳ በግድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነው። መስኮት መስሎኝ ከጎኑ ትልቅ በር ነደፍኩ።

ክዳኑን ሊሠሩ የመጡት አኙዋክ ሽማግሌ ንድፌን ገፋ አድርገው ሥዕሉን አዩ። ሽማግሌው ለማንም "አንተ" ነው የሚሉት፤ አማርኛን የለመዱት እንዲያ ነው።

"ይሄ በር ነው" አሉ ቀዳዳውን እየነኩ። "የእኛ ቤትም እንዲህ ነው። ሰው ጎንበስ ይላል፣ ይገባል። አንተ እዚህ ትልቅ በር ቀደድክ፣ ጣራ ይወድቃል።"

ልክ ነበሩ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያ ግድግዳ ነው። ያን ያህል የኮራሁበትን ንድፍ በላጲስ አጠፋሁት።

ቤቷ አማረች። አለቃዬ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው ሊመርቋት መጡና በሩን አዩ።

"እኔ? በዚህ? አሁኑኑ ይሰፋ!"

"አንተ ጎንበስ በል" አሉ ሽማግሌው በቅንነት። "ቀላል ነው።"

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የአለቃዬ ጆሮ ሲቀላ ደብዳቤዬ ሲቀደድ ታየኝ። በሩ ቢሰፋ ቤቷ ትወድቃለች፤ ባይሰፋ እኔ እዚያው እቀራለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

"ጌታዬ፣ በጃፓን አገር በዚህ በር የሚገቡት መኳንንት ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው አይፈቀድለትም።"

አለቃዬ ግራ ቀኝ አዩ። ባርኔጣቸውን አቀበሉኝና በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ገቡ። መቀመጫቸው በሩ ላይ ትንሽ ተቸግሮ ነበር። ሽማግሌው አጨበጨቡ፤ እኛ ከንፈራችንን ነከስን።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ቤቷ ውስጥ ለካ ቀዝቃዛ ነው። አለቃዬ ዶማውን አስወጥተው ምንጣፍ ዘረጉና ከምሳ በኋላ እዚያ መዋል ጀመሩ። ማንም አይከተላቸውም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጠዋት "ከሰዓት እፈርማለሁ" ይሉኛል፤ ከሰዓት ቀዳዳው ፊት ቁጢጥ ብዬ ስለምናቸው የሚመልስልኝ ማንኮራፋታቸው ነው። ፈቃድ እንኳ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ መውለዴን በደብዳቤ ሰማሁ። ጥርስ ማብቀሏንም እንደዚያው።

ዓመት ሊሞላት ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። ደብዳቤውን ከመሳቢያው ራሴ አወጣሁና እስክሪብቶ በጥርሴ ነክሼ በደረቴ ገባሁ። አለቃዬ በሙታንታ ተጋድመዋል።

"አንተን ደግሞ ማን መኮንን አደረገህ?"

"መኮንን አይደለሁም ጌታዬ፤ አባት ነኝ።"

ሱሪያቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ተቀምጬበታለሁ። ፈረሙ።

ጎሬ ስደርስ ደጃችን ላይ አንዲት ሕፃን ግድግዳ ይዛ ቆማለች። ስታየኝ ጮኸችና እየተንገዳገደች ሄዳ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች።

"ትራመዳለች እንዴ?" አልኩ።

"መዳህ ከተወች ወር አልፏታል" አለችኝ ሚስቴ።

አለቃዬን አስድሄ ስንት ሰው አስቄባቸዋለሁ። የልጄን መዳህ ግን አላየሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።