በሉ፣ አሁን ተንፍሱ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጂንካ ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ ኖረ። ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው ትንፋሹን መያዝ ይወድ የለ? ጋሼ አንዴ ያነሳና «በሉ፣ አሁን ተንፍሱ!» ይላል። ሰዉ እፎይ ሲል ሳይታሰብ ይደግመዋል።

የሚወዳቸው ፎቶዎች እነዚያ ሁለተኛዎቹ ነበሩ። ዱስ መንደር፣ ወንዙ ዳር ያነሳቸው አንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው ፎቶ እንደ ዳኛ ተኮፍሰዋል፤ በሁለተኛው ጥርስ አልባ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። እናቴንም ገዘር ገበያ ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራቶ ስትስቅ አነሳት።

«ኧረ ወንድሜ፣ አበላሸኸኝ እኮ!» ብላ ተቆጣች።

«የፊተኛው ለመታወቂያ ይሁንሽ፤ ይሄኛው ለናፍቆት ነው» አላት።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ግድግዳችን ላይ ያለው ያ ሳቋ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን ቀበርነው። ከቀብር መልስ፣ ዘመድ ሳይበተን፣ የአክስቴ ልጅ «እስቲ አንድ ፎቶ» አለን። ግቢው ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን። አነሳንና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ማናችንም ግን ከቦታችን አልተነቃነቅንም። ትንፋሻችንን ይዘን የጋሼን ድምፅ እንጠብቅ ነበር።