የአዳዳ ንግሥት

አዳዳ እያልን የምንጠራት የአባቴ እህት ጥጥ ስትፈትል ዝም ማለት አታውቅም ነበር። አምቦ ያለው ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ በኋላ እኛ ሴቶቹ እሷ ቤት እየተሰበሰብን፣ እንዝርት እያሾርን፣ ዓይናችንን ሳንጨፍን እንጸልይ ነበር። ብንያዝ እስር ነው። ሰው ከመጣ አዳዳ ወዲያው ተረክ ትጀምራለች። ተረኳም አንድ ነው፤ ድሮ በደቡብ አፍሪካ በኩል ስለነበረች ክርስቲያን ንግሥት።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ዘው አለ።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ስለ ንግሥት» አለች አዳዳ።

«ንጉሡን አውርደን ንግሥት ሊያመጡብን ነው፣ አዴ?»

«ይቺኛዋ እርሻዋን ራሷ የምትቆፍር ናት፣ ልጄ። ቁጭ በልና ስማ።»

ተቀመጠ። ንግሥቲቱ ገና ሳትነግሥ ለጠንቋይ አልሰግድም ብላ አማቷ ንጉሡ ከቤት ያባረሯት ቦታ ላይ ስትደርስ አዳዳ ክሯን በጠሰች።

«የቀረው ለሳምንት።»

በሳምንቱ መጣ፤ በሚቀጥለውም። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ ላይ ጮክ ብሎ ሳያስል አይገባም ነበር። ንግሥቲቱም ስንት ዓመት ሙሉ ሳትሞት ኖረች።

ባለፈው ወር አዳዳን ቀበርናት። ልቅሶው ላይ የያኔው ሊቀመንበር፣ አሁን አርጅቶ፣ ባዶውን በርጩማዋን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ የንግሥቲቱ መጨረሻ ምን ሆነ?» አለኝ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እንዝርቷን አነሳሁና በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለሳምንት ይምጡ» አልኩት፤ «ሲመጡ ማሳልዎን አይርሱ።»